እሳቱ የማን ነበር

«ጎማ ያለው ይሻላል፤ ወዲያ ወዲህ ይገፋል» አለ ኤባሪስቶ፣ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በቅል ለቶቶ እያቀበለ።

«መጥበሻ ነው የምንገዛው ወይስ የሕፃን ጋሪ?» አለ ቶቶ።

ተሳሳቁ። ሂላሪዮ የተቀበረው ሰሞኑን ነው፤ ሳሎን ውስጥ የጸሎቱ ሻማ ይነዳል፤ የሟቹ ወንድም ኤባሪስቶና የልጅነት ጓደኛው ቶቶ ግን መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ጓሮ ስለሚቆም የብረት ሥጋ መጥበሻ ይከራከራሉ። የላ ባንዳ ከተማ ወንድ እንዲህ ነው። ሐዘኑን እንኳ ያለ ሥጋ አይችለውም። የሟቹ ሚስት ዴልሚራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

የዘጠኙ ቀን ጸሎት ሲያበቃ ዘመድ ጎረቤቱ ጓሮ ተሰብስቦ ሥጋ ይበላል። የድሮውን መጥበሻ ደግሞ ዝገት በልቶት ታቹ ከወለቀ ከርሟል።

ኤባሪስቶ ቀና ሲል አያት። «ዴልሚራዬ፣ አንቺ ምንም አታስቢ። መጥበሻውን እኛ እንመርጣለን፤ እሳቱንም እኔ እይዛለሁ። አንቺ ሰላጣውን ብቻ።»

ሰላጣውን ብቻ። ደሟ ፈላ። አፏን ከከፈተች የሚወጣውን ስለምታውቀው ተመልሳ ገባች።

የሂላሪዮ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው የዛሬ አራት ዓመት ነው። መጀመሪያ ቢላ ጣለ፤ ቀጥሎ አንድ አካፋ ፍም እግሩ ላይ ደፋ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» አላት። እዚያ አገር ወንድ እሳቱን ለሚስቱ ለቀቀ ከተባለ አለቀለት። እሷም እሺ አለች፤ ትወደው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ እንጨቱን የምታነደው፣ ፍሙን የምትጎትተው፣ ጎድኑን የምታገላብጠው እሷ ሆነች። የአጥሩ በር ሲንቋረር መቆንጠጫውን ታስይዘውና ወደ ወጥ ቤት ትሮጣለች። ላግዝህ የሚለው የለም፤ በሰው እሳት እጅ ማስገባት ነውር ነው። ሥጋው ሲቀርብ ቶቶ ብድግ ብሎ «ለጠባሹ አጨብጭቡ» ይላል፤ ጓሮው ይናወጣል። ሂላሪዮም አንገቱን ሰበር አድርጎ ጭብጨባውን ይቀበላል። ዐይኑን በጨው አጥቦ! እሷ በመስኮቱ እያየች ቲማቲም ትከትፋለች።

«ንገራቸው በቃ» አለችው አንድ ቀን።

«አዲሱን መጥበሻ እንግዛና እነግራቸዋለሁ። ራስሽ ትመርቂዋለሽ።»

ከዚያማ ምርጫው ማለቂያ አጣ። የአንዱ ብረት ሳሳበት፤ የአንዱ እግር ረዘመበት፤ አንዱ ከሰል እንጂ እንጨት አይችልም አለ። እሷ የዋህ፣ ሰውዬው ምርጫ አዋቂ ነው ብላ ጠበቀች። ነገ ዛሬ ሲላት ሞተ። በሬሳ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብላ «ውሸታም» ያለችው ለዚህ ነው፤ ሰው ግን የስንብት ቃል መስሎት አብሯት አለቀሰ።

የመጥበሻው ክርክር በተነሳ ማግስት ኤባሪስቶና ቶቶ ወደ ብረት ሠሪው ኪሮጋ ሊሄዱ ሲነሱ ጥቁር ሻርፗን ደርባ ተከተለቻቸው።

«ሐዘንተኛ አይደለሽ እንዴ? ሰው ምን ይላል?» አለ ኤባሪስቶ።

«የፈለገውን ይበል።»

ኤባሪስቶ ገና ከበሩ አንዱን ወደደ። ትልቅ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ፍርግርጉ በመዘውር ከፍ ዝቅ ይላል። ዴልሚራ አንድ ጆንያ ከሰል አንስታ ፍርግርጉ ላይ ጫነች፤ መዘውሩን እስከ ላይ አዞረችና ለቀቀችው። ፍርግርጉ ከነጆንያው ተንደርድሮ ወረደና ከታች ተላተመ።

«ይኸው፣ ምሳችሁ ፍም ውስጥ ገባ» አለች። «ማቆሚያ የለውም።»

ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመው ሄደች። ዘንጎቹ ቦይ አላቸው፤ ወደ ፊት ዘንበል ስላሉ ስቡ ፍም ላይ ሳይንጠባጠብ ወደ መቀበያው ይወርዳል። እንጨቱ ለብቻው የሚነድበት ቅርጫት በጎኑ ተገጥሟል። መዘውሩን አዙራ ለቀቀችው፤ ባለበት ቆመ።

«ይኼን» አለች።

«ባልሽም ይህንኑ ነበር የሚያየው» አለ ኪሮጋ። «ስንቴ መጣ መሰለሽ፤ ይነካካዋል፣ ይሄዳል። ምን እንደያዘው እንጃ።»

ምን እንደያዘው እሷ ታውቃለች። የሚሆነውን ካገኘው ቆይቷል ማለት ነው፤ ከገዛው ግን እውነቱን መናገር ሊኖርበት ነው።

ኤባሪስቶ ሳቅ አለ። «አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?»

«ከእሳቱ ነዋ። አራት ዓመት ሙሉ ያጨበጨባችሁለትን ሥጋ የጠበስኩት እኔ ነኝ። የወንድምህ እጅ ሹካ እንኳ አይዝም ነበር።»

ቶቶ ኮፍያውን አወለቀ። ኤባሪስቶ ፊቱ ቀላ።

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ» አላት።

«በሕይወት እያለ መቼ አስወቀሳችሁኝ?»

ኤባሪስቶ ኪሱን ዳብሶ የመጥበሻውን ዋጋ ለኪሮጋ ቆጠረ።

ጸሎቱ ያበቃ ዕለት ጓሮው ጢም ብሎ ሞላ። ዴልሚራ ከማለዳ ጀምሮ በአዲሱ መጥበሻ እንጨቱን አንድዳ ፍሙን አዘጋጅታለች። ኤባሪስቶ ለመጫሪያው እጁን ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው።

ሰበሰበ። ወሬው ከብረት ሠሪው ቤት ቀድሟቸው ስለደረሰ ሁሉም ያውቃል። ሥጋው ደረሰ። ቶቶ ተነስቶ ሁለት እጁን ለጭብጨባ ከፈተ፤ ሰውም ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። በመስኮት ስትመኛት የኖረችው ሰዓት ይህች ነበረች።

ዴልሚራ ከጎድኑ ጫፍ ቆረጠች፤ ዐይኗን ከፍሙ ሳታነሳ በቢላው ጫፍ ወደ ግራዋ ዘረጋችው። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ሂላሪዮ እዚያ ጋ ቆሞ እየቀመሰ ይፈርድላት ነበር። እጇ እንደተዘረጋ ቆየ። የሚቀበላት የለም። ስቡ ጫማዋ ላይ ተንጠባጠበ። ቶቶ እጆቹን ቀስ ብሎ አወረደ።

ዴልሚራ ቢላውን መለሰችና ቁራሹን ራሷ ጎረሰች።

«ጨው አንሶታል» አለች፣ ተቆጥታ።