የባርኮት ጆሮና እጅ

መምህር እሸቴ ዓርብ ከሰዓት ተናኜን ሶዶ ከተማ፣ የልጇ የባርኮት ትምህርት ቤት በር ላይ አቁሞ አነጋገራት።

«ልጅዎ ክላክስ በተነፋ ቁጥር ብድግ ትላለች። ባጃጅ ካለፈ መስኮት ላይ ነች። የአንድ ለአምስት ቡድኗን ወደ ኋላ እየጎተተች ነው። ወይ ጆሮዋን ወይ ጭንቅላቷን አስመርምረው ሰኞ ማስረጃ ይዘው ይምጡ። ካልሆነ ዘንድሮ እቤት ትቆይ።»

«ዘንድሮ» ማለት ምን እንደሆነ ተናኜን የሚያስተምራት የለም። እሷም በልጅነቷ ከሁለተኛ ክፍል የወጣችው ለአንድ ዓመት ተብሎ ነበር። ያ አንድ ዓመት ይኸው ሃያ አምስት ሞላው። የሰባት ዓመቷ ባርኮት እቤት ከቀረች ቀረች ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወቂያ ተነግሮ ነበር። ምሕረት የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ የልጆች አእምሮ ለድምፅ የሚሰጠውን ምላሽና ልጆቹ ራሳቸውን እንዴት እንደሚገዙ እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እያጠናች ነው፤ ቅዳሜ መጨረሻዋ ነው። ጎረቤቷ ትርፌ፣ «ጭንቅላት ላይ ሽቦ ያስራሉ አሉ፤ ተይ ይቅርብሽ» አለቻት። ተናኜ ግን ከመምህር እሸቴ የባሰ ሽቦ አልታያትም። ሌላው ቢቀር ልጄ አምራ ትሂድ ብላ፣ ባርኮትን ቅጥን ያለ ሹሩባ ሠራቻትና ከዲምቱ የተላከላትን ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ ደፋችባት።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ምሕረት ትንንሽ ብረት የተለጠፈበትን ቆብ ይዛ ቀረበች። የልጅቷን ፀጉር ነካ አደረገችና ፊቷ ጠቆረ።

«ቅቤ ነው?»

«ለጋ ነው እንጂ!» አለች ተናኜ በኩራት።

«ወይዘሮ ተናኜ፣ መሣሪያው የአእምሮዋን ምላሽ የሚያነበው ከራስ ቆዳ ላይ ነው። ቅቤ ካለ አይዝም፤ ሹሩባውም አያስጠጋም። እኛ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንነሳለን።»

«እንግዲያው ሁለት ሰዓት አለኝ» አለች ተናኜ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ተናኜ ግን ጠዋቱን ሙሉ ተቀምጣ የሠራችውን በሩጫ ፈታችው። ከግቢው ቧንቧ ሥር ባርኮትን አንበርክካ በልብስ ሳሙና ፈተገቻት። ልጅቷ ጮኸች፤ እናትየው አልሰማችም። ልታይ መጥታ የነበረችው ትርፌ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ እጅጌዋን ሰብስባ በግራ በኩል ያለውን ሹሩባ መፍታት ጀመረች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቆቡ ያዘ።

ጨዋታው ቀላል ነው። ወፍራም ድምፅ ሲመጣ ቁልፉን መጫን፣ ቀጭኑ ሲመጣ መተው። ባርኮት ለሁለቱም ተጫነች፤ ደግማም ተጫነች። ተናኜ ከንፈሯን ነከሰች። ድንገት ግን ልጅቷ ማንም ሳይነግራት በግራ እጇ የቀኝ አንጓዋን ጭምድድ አድርጋ ያዘች። ለወፍራሙ ትለቀዋለች፣ ለቀጭኑ ታጠብቀዋለች። አልፎ አልፎ ቢያመልጣትም ጨዋታውን ያዘችው።

«ማስረጃ ይጻፉልኝ» አለች ተናኜ ሲያበቃ።

«አልችልም። ጥናቱ ስለ ብዙ ልጆች እንጂ ስለ አንዷ ለብቻ አይፈርድም» አለች ምሕረት። የተናኜን ፊት አይታ ግን ቁጭ አለች። «ዛሬ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎት። ልጅዎ ሁለቱን ድምፅ ትለያለች። ሰምቶ ራስን መያዝ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ገና እየተለመደ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል። እጇን መያዙን ደግሞ ራሷ ነች ያመጣችው።»

ሰኞ ጠዋት ተናኜ ባዶ እጇን ክፍሉ በር ላይ ቆመች።

«ማስረጃውስ?» አለ መምህር እሸቴ።

«ማስረጃዋ እሷው ነች። መምህር፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ይዩልኝ። ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።»

ከሴት ጋር በር ላይ መጨቃጨቅ አሳፈረውና ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ብዙም ሳይቆይ የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ክላክሱን እየነፋ በመንገዱ አለፈ። የክፍሉ ልጅ ሁሉ አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። ባርኮትም ከወንበሯ ግማሽ ተነሳች። ልጅቷ አንጓዋን ያዘች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ተከለች።

አውቶቡሱ ሄዶ መምህር እሸቴ ፊቱን ከመስኮቱ ሲመልስ፣ ትምህርቱን እየጠበቀች ያገኘው አንዲት ተማሪ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ደግሞ እናትየው ታየዋለች። ነገር በዓይን ይገባል። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባርኮት፣ ተነሺና አንብቢ» አለ።

ባርኮት እጇን ሳትለቅ ተነሳች።