ሬዲዮ መልስ አይጠብቅም

«ማን ነው የሞተው? ንገረኝ እንጂ ጋሼ! ወንድሜ ነው?»

ሃቦኔ ጭንቅላቷን ይዛ በሯ ላይ ቁጭ ብላለች። ጎረቤታችን ከበበው ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ ከፊቷ ቆሟል። ገና በቅጡ አልነጋም። ጩኸቷን ሰምቼ ከግቢዬ ስወጣ ከበበው ያለውን ነገር ደገመላት። በኦሮምኛ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ቃል አጥርቶ፣ ወፈር ባለ ድምፅ። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነበር ያለው፦ «መሰላልን አስመልክቶ፣ ለአጭር ጊዜ ትብብር እንድታደርጉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ሃቦኔ ቃሉን መች አዳመጠች! በእኛ አገር ሰው ጎህ ሲቀድ ባርኔጣ አውልቆ፣ እንዲያ ባለ ድምፅ በር ላይ ከቆመ፣ ይዞ የመጣው መርዶ ነው።

«መሰላል ነው የሚፈልገው፤ ጣራው እያፈሰሰ ነው» አልኳት።

እንባዋን ጠርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ለመሰላል ነው እንዲህ የሚኮነው? ያው ከጓሮ አለልህ፣ ውሰደው» አለችው በአማርኛ። ከበበውን ያናደደው ልቅሶዋ ሳይሆን አማርኛዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበበው ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ አምቦ ከገባ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው። ሚስቱ ፋንቱ ኦሮምኛውን ቅዳሜ ገበያ ከሽንኩርቱ ጋር አብራ ሸመተችው። ልጁ ቶኩማ፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አፉን የፈታበት ነው። ከቤቱ የቀረው አባወራው ብቻ። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የጎዳው የአምቦ ሰው ደግነት ነው። ገና ለሰላምታ «አካም» ከማለቱ ሰዉ ሁሉ ያዝንለትና ወደ አማርኛ ይገለበጣል። ባለሱቁም፣ ሻይ የምትቀዳዋም፣ ባለባጃጁም ያው ናቸው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። እንግዳ ሲቸገር ማየት አንወድም፤ ቋንቋ ደግሞ ሳይቸገሩ አይገባም።

ኮሮና የገባ ጊዜ ቤት ሲውል መላ አገኘ፤ ሬዲዮ። ሬዲዮ አዝኖ ወደ አማርኛ አይዞርም። ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ጠዋት ዜና፣ ማታ ዜና ነው። እውነቱን ለመናገር ኦሮምኛው እንከን አይወጣለትም። ችግሩ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ሲገዛ እንኳ የሆነ ስምምነት የተፈረመ ይመስላል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፣ ቶኩማ የጌዶዋን ለንሳን ባይወድ። ዩኒቨርሲቲ አብረው ነው የተማሩት። ልጅቱን ያሳደጓት አያቷ ኦቦ ቱፋ ናቸው። ሽማግሌ ለመላክ ስናስጠይቅ መልሳቸው እንዲህ ሆኖ መጣ፦ «አባትየው ራሱ ይምጣ፤ ከአፉ ልስማ። ልጄን ልጠይቅ ስሄድ በአስተርጓሚ ሰላም የምባልበት ቤት አልድራትም።»

ምን ይባላል? ሐቅ ነው። ቶኩማ ይህን ሲሰማ አባቱን አየና አንገቱን ደፋ።

እኔ ከአምቦ ወደ ጌዶ መውጫው ላይ ጎሚስታ ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ አላለፈም፣ ጎማና ወሬ ግን ከእጄ አይጠፋም። ከበበው በማግሥቱ ከሥራ ሲወጣ መጣና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

«ደግፌ፣ ቃል ሞልቶኛል። የጎደለኝ ምንድን ነው?»

«ትንፋሽ» አልኩት። «ስትናገር ሰው አታስገባም፤ ሰው ሲናገር ደግሞ እንደ ግንብ ዝም ትላለህ። በእኛ ወግ ተናጋሪ አንድ ነገር ብሎ ቆም ይላል። ሰሚው ‹ኤዬ› ይለዋል፤ አዎ እንደማለት ነው። ምርቃት ከሆነ ‹ሃ ታኡ› ይባላል፤ ይሁን ነው። ያ ሳይመጣ ወደ ሌላው አይታለፍም።»

«ሬዲዮው እኮ አይቆምም።»

«ሬዲዮ ምን ቸገረው፣ መልስ አይጠብቅ!»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከብቱን ትጠይቃለህ።»

«ከብት የለኝም።»

«የእሳቸውን ነው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ከብቱን፣ ዝናቡን፣ ጤፉን። ወደ ጉዳይህ የምትገባው ሰዉ ጉዳይህን ሊረሳው ሲል ነው።»

ከዚያ ወዲህ አመሻሹን እኔ ዘንድ ሆነ። ደንበኞቼን «ይህን ሰው በአማርኛ ያናገረ ጎማውን ራሱ ይንፋ» ብዬ አስጠነቀቅኩ። መጀመሪያ ሲሰቃዩ ማየት ነበር! አንዱ ባለ አይሱዙ «ምን በደለህ ብለህ ነው?» ብሎ በጆሮዬ ለመነኝ። ከበበውም ይሰቃያል። ሬዲዮ ላይ አንድ ወጥ የነበረው ቋንቋ እዚህ የጉደሩ በአንድ አፍ፣ የጊንጪው በሌላ ያወሩታል፤ ግማሹ ይውጠዋል፣ ግማሹ ይዘፍነዋል። «ይሄ ሁሉ ያው ቋንቋ ነው?» ይለኛል ላቡን እየጠረገ።

አንድ ቀን ጤፍ የጫነ ሾፌር መጣ። ያለቀ ጎማውን አየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን ለሙቀቱ ያወለቀውን የከበበውን መላጣ አየ። በኦሮምኛ «ደግፌ፣ መጀመሪያ የምትጠግነው የትኛውን ነው? ሁለቱም ልሙጥ ሆነዋል» አለኝ። ነገሩን ላድበስብሰው ወይስ ልተወው ብዬ ሳላስብ፣ ከበበው ጎማው ላይ ወደ ኋላ እስኪንጋለል ሳቀ። ከእኔ ቀድሞ! ሾፌሩ ደንግጦ ይቅርታ ሲጠይቀው «የለም፣ ድገምልኝ» አለው። ፋንቱ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ስድቡን ቤት ገብቶ ሲያወራላት ሜዳሊያ የተሸለመ ይመስል ነበር።

ቀኑ ደረሰና ከበበው፣ እኔና ሁለት ሽማግሌዎች አራት ሆነን ጌዶ ወጣን። ወጉ ነውና ጉዳያችን እስኪሰማ አንቀመጥም ብለን ግቢው ውስጥ ቆምን። ኦቦ ቱፋ ከከብቶቹ መሃል ወጡ፤ ረጅም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው። ከኋላቸው ወንድሞቻቸው ተሰለፉ። ሰላምታው ረዘመ፣ ከበበውም አላሳፈረኝም። «ነጋ?»፣ ሰላም ነው ወይ፣ ሲባል «ነጋ» ይላል፤ «ኤዬ» የሚለውንም ቦታው ላይ ይጥላታል። ደስ አለኝ።

ከዚያ «ምን እግር ጣላችሁ?» አሉ ኦቦ ቱፋ። ለንሳ ከጓዳው በር በስተኋላ ስትቆም ነጠላዋ ታየኝ።

ከበበው ባርኔጣውን አወለቀ። ያኔውኑ አወቅኩ፤ አለቀልን።

ያ ድምፅ መጣ። «የሁለቱን ቤተሰቦች ግንኙነት ማጠናከርን በተመለከተ» ብሎ ጀመረ። ቤታችሁ ይባረክ፣ ከብታችሁ ይርባ፣ ዘራችሁ ይለምልም እያለ ምርቃቱን ሳይቀር በአንድ ትንፋሽ ነዳው። የኦቦ ቱፋ ወንድሞች «ሃ ታ…» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እሱ ሦስተኛው ምርቃት ላይ ደርሷል። አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጨርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ቶኩማን ምን እንደምለው ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ኦቦ ቱፋ ፊታቸው ሳይፈታ ወደ እኔ ዞሩ። «ጨረሰ? ወይስ ስፖርቱ ይቀረዋል?»

ወንድሞቻቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። የእኛዎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። መጀመሪያ የሳቀው ከበበው ነው። ያው የጎማው ቤት ሳቅ ነው፤ ከሆዱ፣ ጉልበቱን ይዞ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ተከተለ፤ ጓዳው ውስጥም አንዲት ሳቅ አመለጠች።

ዓይኑን ጠርጎ ሲናገር ድምፁ የራሱ ነበር። በኦሮምኛ የራሱ ድምፅ ሲወጣ ያን ቀን ገና ሰማሁ። «ስፖርቱስ ይቅር» አለ፤ «ያቺ ቀይ ላም ግን ጎኗ ገብቷል። ምን ነካት?»

«ከወለደች ወዲህ መኖ እንቢ አለች» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ቆም አሉም።

«ኤዬ» አለ ከበበው።

«እንገሩን ጠጥተን ነው ደስ ያለን፤ ከዚያ ወዲያ ግን…»

«ኤዬ።»

ላሚቱ ዘንድ ተያይዘው ሄዱ። አንዱ ይላል፣ አንዱ ይቀበላል። ከበበው ቃል ሲጠፋው በእጁ ያሳያል፣ ሽማግሌው ቃሉን ያቀብሉታል፤ ማንም ወደ አማርኛ አልዞረም። እኛ እግራችን እስኪዝል ቆምን። በመጨረሻ አንዱ ወንድማቸው «ኧረ ሰዎቹ ቆመዋል!» ቢሉ ነው የተቀመጥነው።

መልሱ የወጉ መልስ ነበር፦ «ዘመድ እንጠይቅ፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ።» እሺም አይደለም፣ እንቢም አይደለም። ከበበው ይህን ያውቃል፤ በእሱም አገር ያው ነው። ቢሆንም በሩ ጋ ስንደርስ ቆመ። ዞሮ በኦሮምኛ፣ ዝግ ብሎ፣ «ኦቦ ቱፋ፣ ብዙ ሳልሳሳት አልቀረሁም» አላቸው። ቆም ብሎም ጠበቀ።

«ኤዬ» አሉት።

«እስክንመለስ እንዳርመው፣ የቱ ጋ እንደሆነ ቢነግሩኝ።»

ኦቦ ቱፋ ዓይናቸው ከቀይዋ ላም ላይ ሳይነሳ፣ «አሁን ካረምኩህ በሠርጉ ቀን በምን እንስቃለን?» አሉት።