«ረዳቴ ናት»

መሪየም ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለሰውን ሚኒባስ መንዳት የጀመረችው የባሏ የሰፍዋን ዓይን ከደከመ ወዲህ ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ» ብሎ ቁርጡን ሲነግረው ቤታቸው ጨለመ። መሪየም ግን ልጆቿን እናቷ ዘንድ እየተወች ተማረች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ የሐረጎን ቁልቁለት በጉምና በዝናብ መውረድ ለመደች። ሰፍዋን በሩ ላይ ቆሞ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» እያለ ተሳፋሪ ይጠራል። ረዳቷ ሆነ ማለት ነው። መናኸሪያ ውስጥ የቀለዱበት ነበሩ፤ እሷ ግን አንድም ቀን «ረዳቴ» ብላው አታውቅም። «ባለቤቴ ነው፤ አብረን ነው የምንሠራው» ነበር የምትለው።

ባለፈው እሁድ ሐርቡ ዘመድ ቤት ኒካህ ነበርና በሰው መኪና ሄዱ። መሪየም ከሴቶቹ ጋር ምግብ ስታቀርብ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የባሏ አጎት ሐጂ ሙዓዊያ ሲጠይቁ ሰማች።

«ሰፍዋን፣ ሚስትህ መኪና ትነዳለች የሚሉት እውነት ነው እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣት!» አለ ሰፍዋን እየሳቀ። «የምነዳው እኔ ነኝ። እሷ ረዳቴ ናት፣ አንዳንዴ ተሳፋሪ ትጠራልኛለች።»

ሳህኑን አስቀምጣ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ረዳትነት ነውር ሆኖ አይደለም። ሰው ነፍሱን አምኖ ሰጥቷት የሚወርደውን ያን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ሳቅ ስለነጠቃት እንጂ።

በማግስቱ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል መሪየም ከሹፌሩ ወንበር ወርዳ ቁልፉን ባሏ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ንዳ።»

«ምን?»

«ሹፌሩ አንተ አይደለህ? ሐረጎን አውርዳቸው።»

«መሪየም፣ በአላህ! ሰው እየሰማ...»

«ትናንትም ሰው ይሰማ ነበር።»

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ? እንሂድ እንጂ» አሉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት።

ሰፍዋን ቁልፉን ሊመልስላት እጁን ዘረጋ፤ አልተቀበለችም።

«ምን ነውር ሠርቼ ነው የደበቅኸኝ?» አለችው። «ስሰርቅ አገኘኸኝ?»

ሰፍዋን ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ደወለ።

«አሰላሙ ዓለይኩም አጎቴ። ትናንት የነገርኩዎ ውሸት ነው። የምትነዳው መሪየም ናት። እኔ ዓይኔ ታሟል... አዎ፣ ረዳቱ እኔ ነኝ።»

ስልኩን ከጆሮው አወረደ። «ዘጉብኝ» አለ።

«ይዝጉ» አለች መሪየም። ቁልፉን ከእጁ ነጥቃ ወንበሯ ላይ ወጣች፣ ሞተሩን አስነሳች። እውነቱን መናገሩ ቁጣዋን አላበረደውም። ይህን ለማለት እስኪገደድ ለምን ጠበቀ? ሐረጎን እስኪጨርሱ ጥርሷን እንደነከሰች ነበር።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አንድ ተሳፋሪ ሰፍዋንን ትከሻውን ነካ አደረገው። «ሹፌሩ እዚህ ጋ ያቁምልኝ።»

«ሹፌሩ ሳይሆን ሹፌሯ» አለ ሰፍዋን፣ ከወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መሪየም፣ ወራጅ አለ!»

መሪየም ዳር ይዛ አቆመች። ወደ እሱ ግን አልዞረችም።