የሰበታው ኮክ ማርማላታ

«ስንት ማንኪያ በልታ ይሆን?»

የራቢአ ከንፈር ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። አጠገባቸው የተቀመጠችው ጎረቤት፣ ብርሃነሽ፣ ዱዓ የሚያደርጉ መስሏት አንገቷን ደፋች።

ልጃቸው ሰዓዲያ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቡራዩ ያለው ቤቷ ዳር ዳሩን ፍራሽ ተነጥፎበት በሴቶች ተሞልቷል፤ ወንዶቹ ደጅ ድንኳን ውስጥ ናቸው። የሰዓዲያ ልጅ ኑሃ አያቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ራቢአ ሻርፓቸውን ሦስት ጊዜ አለበሷት። መተንፈሷን ለማወቅም ጣታቸውን አፍንጫዋ ሥር አደረጉ።

«ስኳር በሽታ እኮ ቀልድ አይደለም» አለች አንዷ ከበሩ በኩል በሹክሹክታ።

«ምን ታድርግ? ሱቋ ውስጥ ከከረሜላ ጋር እየዋለች!»

«ኧረ እሷስ ትጠነቀቅ ነበር» አለች ብርሃነሽ። «ብስኩት ስገዛ እንኳ 'የኔንም ድርሻ ብይልኝ' ትለኛለች።»

ሴቶቹ በሐዘን መሐል ፈገግ አሉ። ራቢአ አልቻሉም። ኡበይድ፣ የሰዓዲያ ባል፣ ነገሩን ቢያውቅ ኑሃን ዳግመኛ ለእሳቸው አምኖ ይሰጣል?

ሰበታ ጓሯቸው ያለውን ኮክ የተከለችው ራሷ ሰዓዲያ ናት። የስምንት ዓመት ልጅ ሆና የበላችውን ፍሬ አስኳል ቀብራ፣ «ነገ ይበቅላል?» እያለች መቀመጫ አሳጣቻቸው። ዛፉ ካፈራ ወዲህ ራቢአ በየክረምቱ ኮኩን ይቀቅሉና በስስ ጨርቅ ያጠሉታል፤ ጭማቂውን ከስኳርና ከሎሚ ጋር ያፈሉታል። ከዚያ ሰሐን ላይ ጠብ አድርገው በጣታቸው ይገፉታል። ከተሸበሸበ ደርሷል። ያንን ሰሐን ለመላስ ሰዓዲያ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ስኳር ተገኘባት። ኡበይድ ሰበታ ድረስ መጥቶ፣ «እማማ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ያንን ማርማላታ አይስጧት» አላቸው። እሺ አሉ።

ክረምት ሲመጣ ግን አላስቻላቸውም። ስኳሩን በግማሽ ቀንሰው ሠሩት፤ አልረጋም፣ እንደ ሻይ ፈሰሰ። የቀነሱትን መልሰው ጨመሩበት። ልጃቸው ስትመጣ አንድ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ሞልተው ቦርሳዋ ውስጥ ሸጎጡላት።

«ስኳሩን ቀንሼልሻለሁ። ደግሞ የገዛ ጓሯችን ፍሬ ነው፣ ምን ያደርግሻል?»

ሰዓዲያ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። «እንዴት ጥርት ብሏል እማዬ!»

በሳምንቱ ደወለች። «ቀምሼዋለሁ። ይጣፍጣል።»

ከዚያ ወዲያ አራት ጊዜ ጨመሩላት።

ከአስር ሶላት በኋላ ድንኳኑ መፍረስ ጀመረ። ሴቶቹም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ኡበይድ በሱቁ በኩል ከባድ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ራቢአ ፊት በርከክ አለና አምስት ጠርሙስ ደረደረ።

«ፍሪጅ ውስጥ፣ ከለስላሳው ኋላ ነበሩ» አለ። ቀና ብሎ አላያቸውም።

ራቢአ ወደ ጠርሙሶቹ ጎንበስ አሉ። ሻርፑ ከኑሃ ላይ ተንሸራተተ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ስኳሩን ቀንሻለሁ ብዬ ዋሸኋት። አልረጋ ቢለኝ እኮ ነው…»

ኡበይድ የመጀመሪያውን ክዳን ከፈተ። ማርማላታው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ አንድ ማንኪያ የወጣበት ጉድጓድ አለ። ሁለተኛውን ከፈተ። አንድ ማንኪያ። አምስቱም እንዲሁ ነበሩ። የማንኪያው ቅርጽ ዳሩ ሳይናድ እንዳለ ተቀምጧል።

ቀምሼዋለሁ ያለችው እውነቷን ነበር። እንዲያ ረግቶ ስታየው ስኳሩ እንዳልተቀነሰም አውቃለች። አንድም ቀን ግን አላነሳችባቸውም።

ራቢአ ትንሿን ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አሳረፉ። አልላሱትም።

ኡበይድ እጁን ወደ ኑሃ ዘረጋ። ሊወስዳት ነው ብለው እቅፍ አደረጓት። እሱ ግን የወደቀውን ሻርፕ አነሳና ልጅቷን እዚያው አያቷ ጭን ላይ እንዳለች እስከ አንገቷ አለበሳት። ተነሣ፤ ጫማውን በሩ ላይ አጠለቀና ወጣ።