የመረጠ ይውጣበት

ባለፎቁ ናሙናዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ እንደ ሙሽራ ጌጥ ያገላብጣቸው ነበር። አዲሱ ሕንፃው ከመከፈቱ በፊት የመውጫ ምልክትና መብራት ሲጠፋ የሚተካ መጠባበቂያ መመረጥ ነበረበት። ይሁንታ የምትሰጠው ደግሞ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ናት። አላወቃትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

እሷ ግን አሳምራ ታውቀዋለች። ታናሽ ወንድሟ በዚሁ ሰውዬ አሮጌ ሕንፃ፣ ምድር ቤት ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነበር። እሳት ተነስቶ መብራት ሲቋረጥ የመውጫ ምልክቶቹም አብረው ድርግም አሉ። ልጁ በጭስ ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ የመጋዘኑን በር መውጫ መስሎት ገባበት፤ ከጓደኞቹ ጋር እዚያው ቀረ። ሰውዬው ለቅሶ ሲዞር እነሱም ቤት ጎራ ብሎ፣ እናቷ ፊት፣ «ምን ይደረግ፣ ሰው ሲደነግጥ በር ይስታል» አለ። ጥፋቱን ለሟች አሸክሞ ሄደ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቂሟን አዝላ ነው የኖረችው። ይህን ሙያ የተማረችውም ለጽድቅ ብላ አይደለም።

«ይቺ ወፍራሟ ግድግዳዬን ታበላሽብኛለች» አለ፣ ትልቅ ባትሪ ያላትን ምልክት ገፋ እያደረገ። «ቀጭኗ ትሻለኛለች። አታምርም፣ ልጄ?»

«ታምራለች።»

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የቀጭኗ ባትሪ ትንፋሽ እንደሌላት እስኪሰለቸው ትነግረው ነበር። ዛሬ ምላሷን ዋጠች።

«እርስዎ ከወደዷት ይሁን። ብቻ ደንባችንን ያውቃሉ፤ የመረጠ ይውጣበት ነው። ምልክቱ ተሰቅሎ ሲያበቃ ዋናውን መብራት እናጠፋለን፤ እርስዎ ከምድር ቤት ተነስተው እሱን እየተከተሉ ደጅ ይወጣሉ።»

«ለዚህ ነው? ዓይኔን ጨፍኜ እወጣልሻለሁ!» ብሎ ሳቀ።

በፈተናው ቀን፣ ውጭ ፀሐዩ እየከረረ፣ ሁለቱ ምድር ቤት ወረዱ። እሱ ጥግ ድረስ ሄደ፤ እሷ ደረጃው ሥር ቆማ ላይ ላሉት ሠራተኞች «አጥፉት!» ብላ ጮኸች። ምልክቶቹ ቦግ አሉ። «አየሽ?» እያለ መንገዱን ጀመረ። መሃል ሲደርስ ብርሃኑ ደከመ፣ ደከመና ጠፋ።

«ልጄ? የእጅ ባትሪ አልያዝሽም?»

ይዛለች። አላበራችም። ከምሰሶ ሲላተም፣ ሲሳደብ፣ ከዚያ ስድቡን ትቶ «የሰው ያለህ!» ሲል ሰማችው። እሰይ! አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። እየዳበሰ አንድ በር አገኘና ገባበት፤ የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነበር። ባልዲ ተንኳኳ። እዚያው ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ያኔ ሄዳ ባትሪዋን ፊቱ ላይ አበራችበት።

«ወንድሜ እንዲህ ነው የሞተው» አለችው። «በእርስዎ ሕንፃ፣ እንዲህ በር እየፈለገ።»

እንዲሸማቀቅ፣ እግሯ ላይ እንዲወድቅ ጠበቀች። ሰውዬው እንባውን ጠርጎ ትክ ብሎ አያት። ለማስታወስ ከልቡ የሚሞክር ይመስላል።

«ከነዚያ ልጆች ውስጥ የትኛው ነበር?» አለ።

ባትሪዋን አጠፋችና ደረጃውን ወጣች። ሠራተኞቹ «መብራቱን እንመልሰው?» ብለው ጠየቋት።

«አትመልሱ» አለች። «ገና አልወጣም።»