በእመቤታችን ደረት የተገኘው ወረቀት

ካሲልዳ ወደ ቤተ መዘክሩ የመጣችው የመንደሯን የእመቤታችንን ሐውልት ለማስመለስ ነው። ቤቱ የጥንት መኳንንት መኖሪያ ነበርና ዓምዱና የድንጋይ ደረጃው ዓይን ይይዛል፤ እሷ ግን ቀና ብላም አላየችው። አርባ ዓመት በእጇ ያለበሰቻት የእንጨት ሐውልት ራቁቷን ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች። ያውም የመንደሩ ከንቲባ ፋኩንዶ አጠገቧ ቆሞ። እመቤታችን ስትለብስ ወንድ ድርሽ አይልም፤ ከንቲባም ቢሆን።

የቤተ መዘክሩ ኃላፊ ሌዎኖር ነገሩን አላስረዘመችውም። «ሌቦቹ ከሁለት መንደር ሁለት ሐውልት ሰረቁ፤ ፖሊስ ያገኘው አንዷን ነው። የአንድ ሰው ሥራ ስለሆኑ በመልክ አይለዩም። ደረቷ ውስጥ ግን ወረቀት አግኝቻለሁ። ምን እንደሚል ከነገሩኝ ይውሰዷት። ካልሆነ ከሰዓት የሌላኛው መንደር ሰዎች ተራ ነው።»

ፋኩንዶ እፎይ አለ። «ታዲያ ምን ችግር አለ? እትዬ ካሲልዳ እንደ መዳፋቸው ነው የሚያውቋት።»

ካሲልዳ ወረቀቱን ታውቀዋለች፤ እናቷ በሐውልቷ ደረት የደበቀችው የኃጢአት ኑዛዜ ነው። የእመቤታችን መጎናጸፊያ የተቃጠለ ጊዜ ሻማውን የጣለችው እናቷ ነበረች፤ የተሳበበው ግን በቤኒታ ነው። ቤኒታ እመቤታችንን ከሚያለብሱት ሴቶች መካከል ተባርራ፣ «አቃጣይዋ» እየተባለች ኖራ፣ ባለፈው የካቲት ሞተች። ቤኒታ የፋኩንዶ እናት ናት።

«ረሱት እንዴ?» አለ ፋኩንዶ። «ውጭ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየጠበቀ ነው። ባዶ እጃችንን ብንወጣ ይበሉናል።»

«ዝም በል አንተ፣ ላስብበት።»

«ምኑ ነው የሚታሰበው?»

አላውቅም ብትል ማንም አይፈርድባትም። እመቤታችን ግን የሰው መንደር ትገባለች፤ እሷም በቀረላት ዕድሜ ይህን እያወቀች ልትኖር ነው። ፈራች።

«‹ሻማውን የጣልኩት እኔ ኤውሴቢያ ነኝ፤ ቤኒታ አይደለችም። ማሪኝ› ይላል» አለች፣ ፋኩንዶን ሳታይ።

ሌዎኖር እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። «ቃል በቃል። ይውሰዷት።»

ፋኩንዶ ግን አልተነቃነቀም።

«መቼ ነው ያነበቡት?»

«በሃያ ስድስት ዓመቴ።»

«እናቴ በሕይወት እያለች።»

«አዎ።»

ፋኩንዶ ባርኔጣውን አደረገ። ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

«እሷን እንወስዳለን። እርስዎ የሚመለሱበት መኪና ይፈልጉ» አለና ወጣ።