የፍሬን ሪዝና የእኔ አምባዛ

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጸጉር ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሰው የጸጉር አስተካካይ ሥራ በእጅ የሚሠራ ይመስለዋል። ሥራው ግን የጆሮ ነው። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፎጣው አንገቱ ላይ ሲታሰር አፉ ይፈታል። አንዱ ስለ ኩላሊቱ፣ አንዱ ስለ ጎረቤቱ አጥር፣ አንዱ ሚስቱ ስለማታውቀው ነገር፣ ሌላው ደግሞ ሚስቱ ስላወቀችበት ነገር ያወራኛል። እኔ መቀሴን እያንቀጫቀጭኩ «ወይ ጉድ!» እላለሁ፤ ነገሩ የሚያሳዝን ከሆነ «ምን ይደረግ» እላለሁ። በዚህች በዚህች ብቻ ልጅ አሳድጌ ድሬያለሁ።

ጉልበቴ መቆም እምቢ ሲለኝ ቤቱን ለልጄ ባል አስረከብኩ። ልጁ ጨዋ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው፤ ብቻ ሙዚቃ ይወዳል። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ሰቀለ፣ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ አቆመ። የድሮ ደንበኞቼ ስለ ኩላሊታቸው ለመናገር መጮህ ግድ ሆነባቸው፤ ስለ ኩላሊት ደግሞ ተጩሆ አይወራም።

እኔ ቤት ዋልኩ። ቤት መዋል እንዴት ያለ ከባድ ሥራ እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። መጀመሪያ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ እንደ አዲስ ደረደርኩት። ቀጥሎ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ ለባለቤቴ ማስረዳት ጀመርኩ። ባለቤቴ ቢላዋውን በቀስታ አስቀመጠችው።

«ስማ፣» አለችኝ፣ «ይሄን ሁሉ ዘመን በሰላም የኖርነው ቀን ቀን ስለማንገናኝ ነው። በል ውጣልኝ።»

«ወዴት ልውጣ?»

«ሰው ወደሚሄድበት!»

እኔ ግን ሰው ወደማይሄድበት ሄድኩ። ሟች ወንድሜ የተወው የማጥመጃ ዘንግ ቆጡ ላይ አቧራ ጠጥቶ ተኝቶ ነበር። እሱን አውርጄ፣ ክር ቀይሬ፣ ትል ቆፍሬ፣ ሥራ ካቆመው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ወንዙ ወደሚታጠፍበት ቦታ ወረድኩ። እዚያ ወደ ውሃው ያዘነበለ ትልቅ ዛፍ አለ። የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ጆሮዬ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት የኖረውን ሸክም ያወረደ መሰለኝ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አሳም አፉን ዘግቶ ቢኖር ማንም ከውሃ አያወጣውም ነበር። ይህን እያሰብኩ ስንቱን ደንበኛዬን አስታወስኩ መሰላችሁ! መጀመሪያ አካባቢ የምይዘው ግን ጣት የሚያክል ነገር ነበር። ባለቤቴ ሳህን ላይ አድርጋ፣ መነጽሯን ፈልጋ፣ «ይሄ አሳው ነው ወይስ ፎቶው?» ትለኝ ነበር።

ከዛፉ ሥር፣ ሥሮቹ ውሃው ውስጥ ከተጠላለፉበት፣ አንድ አምባዛ ይኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ብቅ ሲል አየዋለሁ። ከአፉ ግራና ቀኝ የተንጠለጠለው ሪዝ የጫማ ማሰሪያ ያህላል። ክሬን አንዴ በጥሶ ሄዷል። እኔ ደግሞ ጸጉር አስተካካይ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሪዝ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ሌላውን ነገር ሁሉ ትቼ እሱን መጠበቅ ያዝኩ።

ሰላሜን ያደፈረሰው ፍሬን ነው። ፍሬን መኪና ማሽከርከር የሚያስተምር፣ ድምፁ ከመኪናው ጥሩምባ የሚበልጥ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በለማጆች ላይ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ሲጮህ ስለሚውል የእናት የአባቱን ስም ሁላችንም ረስተነዋል። ከአፍንጫው ሥር እንደ መጥረጊያ የሚወርድ ሪዝ ነበረው፤ ከእኔ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን «ለማጅ» የሚል የተለጠፈባት መኪናው እየነጠረች ወንዙ ዳር መጣች።

«ጋሼ! እዚህ ተደብቀው ነው?»

«ቀስ በል፣ አሳው ይሰማሃል።»

«አሳውን ይተዉትና ሪዜን ይዩልኝ! የልጅዎ ባል ጋ ገብቼ ‹ትንሽ ብቻ› አልኩት። በዚያ ሁሉ ሙዚቃ ‹ሙልጭ› ያልኩ መስሎት ማሽኑን አስነሳብኝ። ሮጬ ነው ያመለጥኩት። ፎጣው እስካሁን እኔ ጋ ነው!»

ክር የምቆርጠው በድሮው መቀሴ ስለነበር አላስችል አለኝ። ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩትና አስተካከልኩት። እሱ ደግሞ ከአጥር ጋር ስለተጋጩት ለማጆች ሁሉ አወራኝ። «ወይ ጉድ!» ስል ራሴን ሰማሁት።

ሲሄድ፣ «አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር» አልኩት።

«እኔ? ሞቼ ነው!»

አልሞተም። ሳምንቱ ሳያልቅ ወንዙ ዳር ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞላ። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ታጣፊ ወንበር ይዞ መጣ። ፋርማሲስቱ መስታወት አምጥቶ ዛፉ ላይ ሰቀለ። የተቆረጠው ጸጉር በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ ኩላሊቱም፣ አጥሩም፣ ሚስትየዋም ተመልሰው መጡ። ትንንሾቹ አሳዎች አካባቢውን ለቀው ሄዱ። አልፈርድባቸውም።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ አንተ ደግሞ ፖስተኛ አወጣህ!»

የልጄ ባል ግን አልሳቀም። አንድ ከሰዓት በኋላ አዲሱን ጫማውን ጭቃ አስበልቶ መጥቶ ከፊቴ ቆመ።

«አባባ፣ ቤቱን ሰጥተውኝ ደንበኛውን ይዘው ሄዱ እኮ።»

አፈርኩ። «እስቲ ሙዚቃውን ቀንሰው ልጄ።»

«ሙዚቃውን ከቀነስኩ ያወራሉ!»

«ሥራው እሱ ነው እኮ።»

ራሱን እየነቀነቀ፣ ጫማውን በሣር እየጠረገ ሄደ።

እንዲህ እንዳለን የፍሬን ልጅ የሠርግ ቀን ደረሰ። አንድ ልጁ ናት። ፍሬን ከሁሉ ቀድሞ በማለዳ መጣ። ሱፉ መኪናው ውስጥ ተሰቅሏል። እሱ በነጭ ሸሚዝ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ዘንጌን መሬት ላይ ተክዬ ፊቱን በሳሙና ለቀለቅኩት። ጉንጩን ላጨሁ። ወደ ሪዙ ዳር ስደርስ ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ፤ እዚያ ቦታ ሁልጊዜ እጠነቀቃለሁ።

ያን ጊዜ ክሩ ላይ ያለው ቡሽ ጥልቅ አለ።

ዞር ያልኩት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ስመለስ የፍሬን የቀኝ ሪዝ ምላጬ ላይ ነበር።

ፍሬን አላወቀም። ለመንገርም ጊዜ አልነበረኝም፤ ዘንጉ ከመሬት ተነቅሎ ወደ ውሃው ጉዞ ጀምሯል። ምላጩን ጥዬ ዘንጉን አነቅኩት። አምባዛው ጎትቶ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ከተተኝ።

«ፍሬን!» ብሎ ጮኸ ፍሬን ከሳጥኑ ተነስቶ። «ፍሬን ያዝ!»

«ፍሬን የለውም!»

«እንግዲያው ማርሽ ቀንስ! ቀስ! አሁን ልቀቅለት! ወደ ግራ ጠምዝዝ፣ ሥር አለ፣ ሥር አለ! የኋላውን እይ!»

አንቱታው ቀርቷል። እኔም እንደ ለማጅ ያለኝን ሁሉ አደረግኩ፤ ግራ ሲለኝ ግራ፣ ልቀቅ ሲለኝ ለቀቅኩ። እውነት ለመናገር አሳውም የሚታዘዘው ይመስል ነበር። አምባዛው ደክሞ ወደ ዳር ሲጠጋ ፍሬን ከነሱሪው፣ ከነሠርግ ጫማው ገባና አቀፈው። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ አምባዛው በጅራቱ አንድ ጊዜ ጠፈጠፈውና ሁለቱም ሰጠሙ። ሲወጡ ተቃቅፈው፣ ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር። ሳሙናው ታጥቦ ሄዷል። ከሁለቱ ሪዙ ሙሉ የነበረው አሳው ነው።

አሳውን ሣሩ ላይ አጋደምነው። ክንድ ያህል ነበር፣ ከክንድም ያልፋል። ፍሬን በደስታ እየሳቀ አፉን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ መዳፉን አየ። እንደገና ጠረገ።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ሪዜ የታለ?»

«የግራው አለ።»

መዳፉን መልሶ አፉ ላይ ከደነ። ፍሬን ዝም ሲል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይሄ አስፈራኝ። ምላጩን ውሃው ወስዶታል፤ በመቀስ ደግሞ የማይሆን ነው። አምባዛውን መኪናው ኋላ ጭነን ገሰገስን። ፍሬን በአንድ እጁ መሪ፣ በአንድ እጁ አፉን ይዞ ቀይ መብራት ሊጥስ ሲል «ፍሬን!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

የልጄ ባል ለሠርጉ ለብሶ ሊዘጋ ሲል ደረስንበት። ውሃ የሚያንጠባጥብና አሳ አሳ የሚሸት ሰው መዳፉን ከአፉ ላይ ሲያነሳ አየ። አልሳቀም፤ ለዚህ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ። ኮቱን አወለቀ፣ ሄደና ሙዚቃውን አጠፋ።

«ግራውም ይሂድ?»

ፍሬን ዓይኑን ጨፈነ። «ሙልጭ አድርገው።»

እኔ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቦታ ያንን ቤት አይቼው አላውቅም ነበር። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነው። በዚያ ጸጥታ ፍሬን ማውራት ጀመረ፤ ያለወትሮው ቀስ ብሎ። ልጁ ሕፃን ሳለች ሪዙን ይዛ ካልሆነ እንቅልፍ እንደማይወስዳት። ከዛሬ ጀምሮ እራት ላይ የሚያስቀው ሰው እንደሌለ። ቤቱ እንዴት ባዶ እንደሚሆን እያሰበ ሌሊቱን እንዳልተኛ።

የልጄ ባል ማሽኑን አቆመ። ምን እንደሚል ጨንቆት ወደ እኔ አየ። እኔ ግን ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስኩ፤ ይሄ ሰው ለሰው የሚያስተምረው ነገር አይደለም። በመጨረሻ እጁን ፍሬን ትከሻ ላይ ጣል አደረገና፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ጋ ይምጡ፤ እዚህ ሁልጊዜ ሰው አለ» አለው።

ፍሬን አፍንጫውን ሳበ። «ሙዚቃውን ካጠፋህ።»

«አጠፋለሁ።»

የሠርጉ አዳራሽ በር ላይ ጋባዡ ራሱ ተከለከለ፤ አስተናጋጁ «የማን ወገን ነዎት?» ብሎ ያዘው። ልጁም አይታው አለፈች። ደግነቱ የቀሚሷ ጫፍ ደረጃው ላይ ሊጠለፍ ሲል ፍሬን «ፍሬን!» ብሎ ጮኸ። ሙሽራዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀስ ብላ ዞረች፣ የአባቷን ባዶ ፊት አየችና መሬት እስክትቀመጥ ሳቀች። ሚስቱ ደግሞ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። «እዚያ ሥር ከንፈር ነበረህ እንዴ?» አለችው። ሁለተኛ እንዳያሳድገው የከለከለችው እዚያው ነው።

አምባዛውን ለሠርጉ ወጥ ሠሪ ሰጠነው። ከጠረጴዛዎቹ አንዱን ቢያዳርስ ነው፤ ዛሬ ግን ያልበላሁ የሚል ሰው አላገኘሁም። ፖስተኛው እንዲያውም ሲያዝ ቦታው ላይ ነበርኩ ይላል።

ደንበኞቹ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ ተመለሱ። የልጄ ባልም ለምዶ፣ አሁን ማን ኩላሊቱን እንደታመመ ለእኔ የሚነግረኝ እሱ ነው። ወንዙ ዳር ብቻዬን ቀረሁ። ጸጥታው የጓጓሁለት ነበር፤ ግን ሲበዛ ጸጥታም ያደነቁራል ልበል? ጠዋት ጠዋት ከቡሹ ይልቅ መንገዱን ሳይ ራሴን ያዝኩት።

ስለዚህ ፍሬን አዲስ ዘንግ ገዝቶ ሲመጣ አላባረርኩትም። መንጠቆውን ዛፍ ላይ ይጥላል፣ ክሩን ከእኔ ክር ጋር ያጠላልፋል፣ ከዚያ ፈትተን እስክንጨርስ ያወራል። ባለፈው እሑድ ዝናብ መታን፤ ማን ቀድሞ ይነሳ እየተባባልን ቁጭ ብለን በሰበስን። እቤቴ ስንደርስ ባለቤቴ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችን።

«ዛሬስ ምን ያዛችሁ?»

«እኛ ምንም አልያዝንም፣» አልኳት፣ «ጉንፋን ግን ያዘን።»

ፍሬን ከኋላዬ አነጠሰ። እሷም ፎጣ ወረወረችለትና ውሃ ልትጥድ ወደ ውስጥ ገባች።